ሦስተኛው ኩርባ

ሸዋ ሮቢት ሜዳ ነብር ናት፣ ምን አላት!
መቶ ሠላሳ ላይ ነፋስም አይቀድማት።
ቀይ ፊያት ስፖርት ናት፣ ካርቡራቶሯ ዌበር፣
ባለ ሁለት ጉሮሮ፣ ስትጠጣ የማታፍር።
አርማንያን አልፋ፣ ደብረ ሲናን ነክታ፣
ወደ ጣርማበር ጫፍ አፍንጫዋን አንስታ፣
ሦስተኛው ኩርባ ላይ ታስላለች አንዴ፤
ታስላለች ሁለቴ፤ ከዚያ ዝም ናት። ጉዴ!

ጎማዋ ሥር ድንጋይ ሸዋንግዛው ጥሎ
ደወለ ከጉም ውስጥ፣ «ማሙሸት፣ ድረስ» ብሎ።
ካቻቢቴ፣ መፍቻ፣ እሱም አሥር ቁጥር፣
የብስክሌት መንፊያ ይዤ ወጣሁ በእግር።
ስደርስ ግን ቁልፉን አንዴ ሲያዞረው
ተነሣች። ሞተሯን ማን ሞቷል ይበለው?
እንደ ጥርስ ሕመም ናት፣ ሐኪሙ ፊት ጠፍታ
ከደጁ ሲወጡ የምትጮህ ማታ።

ጋራዥ አስገባኋት። ፊልትሮውን ፈታሁ፣
ወደ ብርሃን ይዤ በአንድ ዓይኔ አየሁ፤
ንጹሕ ነው። ፖምፓውን ከሞተሩ ነቀልኩ፣
በጠርሙስ እየለካሁ ምት በምት ቆጠርኩ፤
ደህና ነው። ዌበሩን እንደ እንቁላል ይዤ
ጋዜጣ ላይ ፈታሁ፣ ሙሉ ቀን ተክዤ።
ጂግለሩን ነፋሁት፣ ሰማይ በውስጡ ታየ፤
መርፌው ከመቀመጫው ፀጉር አልተለየ።
ተንሳፋፊውን አውጥቼ ጆሮዬ ሥር ናጥኩት፤
ቤንዚን አልገባበት፣ ደረቅ ነው፣ መለስኩት።

«አየሩ ሳስቶ ነው» አለኝ ባለ አይሱዙ፣
«ሰው እንኳ ያለከልካል፣ እንኳን ግዑዙ።»
እውነቱን ነው፤ ግና ያ ቢሆን ምክንያቱ
ካንዴላው በጠቆረ ጠግቦ በማግሳቱ።
እኔ ያገኘሁት ነጭ ነው እንደ ኖራ፤
የተጠማ ከንፈር፣ ሮቢት በጠራራ።
«በቱቦው ውስጥ ፈልቶ፣ ተን ሆኖ ነው» ሲለኝ
ጎሚስታው እንግዳ፣ ይሄም መሰለኝ፤
ቱቦውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ወጣሁ፣
ሦስተኛው ኩርባ ላይ ጨርቄን ይዤ ቀረሁ።

ስድስት ወር።

ያን ቀን ረዳቴ ብርቄ አብራኝ ነበረች፤
«ቤንዚን አለ ወይ?» አልኳት፤ ወደ ኋላ ዞረች።
ጉሙ ዋጣት። ቁልፉ ሲንኳኳ ሰማሁ፤
ከዚያ አንድ ድምፅ መጣ፣ ምን ብዬ ልንገራችሁ—

ፊሽሽሽ…
ወደ ውጭ አይደለም። ወደ ውስጥ።
ሮቢ ወንዝ ጠልቆ፣ ሳንባው ሊፈነዳ ሲል
ብቅ ያለ ልጅ እንደሚስበው፣
እንዲያ ረጅም።
«ጋሼ» አለች ብርቄ፣ «ሰልባትዮው ተነፈሰ።»

ሸዋንግዛው አንገቱን ደፋ። «ቤንዚን በጠፋበት
ሰሞን ሁለቴ ቀዱብኝ፣ ደጅ ባደረችበት።
ባለቁልፍ ክዳን ገዛሁ፣ የሌላ መኪና ነው፤
ዙሪያውን በከመነዳሪ ያሸግኩት እኔው።»

ፖምፓው ወደ ፊት ሲስብ፣ ባዶው ወደ ኋላ፤
ሜዳውን ቻለችው በትንሽ በመላ።
ዳገቱ ግን ያላትን ሁሉ ነው የጠየቃት፤
ጋኗ ሙሉ ሳለ ጥም ነው ያነቃት።
ስትቆም ትንሽ አየር በስንጥቅ ሾልኮ
ይገባል፤ መነሣቷ በዚህ ነበር እኮ!

ብርቄ ወስፌ አወጣች ከቦርሳዋ እጥፋት፣
ለላስቲኩ አንዲት ጭላንጭል አበጀችለት።

አራተኛው ኩርባ። አምስተኛው። ዋሻው
አፉን ከፍቶ ዋጠን፣ ጩኸቷን ደገመው።
በወዲያኛው በር ላይ የደብረ ብርሃን ብርድ
ፊታችንን መታን፣ እንደ ውኃ ሲወርድ።
ሸዋንግዛው ግን መስኮቱን እስከ ታች ከፈተው፤
ዝም ብሎ ነዳ። የአንገት ቁልፉን ፈታው።
«ስንት ልክፈል?» ሲለኝ፣ ስድስት ወር አሰብኩና
«ለባለ ወስፌዋ ስጥ» አልኩት፣ አፈርኩና።